ቲኬት የያዘ ብቻ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ሰባት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣
ውሃ ሐሙስ ሐሙስ በሚመጣበት ቤት፣
ስልኬ "ቦታ የለኝም" አለኝ በድንገት።

ምን ሞላው ብዬ ባይ፣ እቴቴ ናት በሙሉ፤
መቶ አርባ ቪዲዮዎች፣ እሷን እሷን የሚሉ፤
ማንኪያ በግራ እጇ ይዛ፣ ሾርባው ደረቷ ላይ ፈስሶ፣
ግድግዳ ተደግፋ ቆማ፣ እግሯ የገዛ እግሯን ረስቶ፣
ሲስተር ኑሪያ ካርድ ይዛ "ይቺ ምንድን ናት?" ብትጠይቃት፣
የዶሮዋን ሥዕል እያየች "ወደ ውስጥ ግቡ" ስትላት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንበሳ አውቶቡስ ወንበር፣
ከኋላ በር አጠገብ ቲኬት ስትቆርጥ ነበር።
ጭንቅላቷ ውስጥ ደም የፈሰሰ ለት፣ ቃሏን ሁሉ ጠራርጎ፣
የሥራዋን ብቻ ተወላት፣ የኪስ ሽርፍራፊ አድርጎ፤
"ወደ ውስጥ ግቡ"፣ "ወራጅ"፣ "ዝርዝር የለኝም"፣ "ሞልቷል"፤
አራቱ ቀሩ። ሌላው መንገድ ላይ ነው፤ ምናልባት ይደርሳል።

እኔም ከስልኬ አውጥቼ ኢንተርኔት ላይ ጫንኳቸው፣
ኔትወርክ በሚገኝበት በደረጃው መታጠፊያ ቆሜ፣ ሌሊት ላይ ላክኋቸው።
ገመና አደባባይ አይሰጣም ብዬ በቁልፍ ዘጋሁ፤
ቁልፉንም መርጬ፣ አስቤ፣ ለአምስት ሰው ሰጠሁ፤
ሐዋሳ ላለችው ለእህቴ ለምንትዋብ፣
መድኃኒቷን ለሚገዛው ለአጎቴ ለደርበው፣
ለሲስተር ኑሪያ፣ ለሁለት የአክስት ልጆች።
ማን አይቶ ዝም ይላል? ማን አይቶ ያወራል?
ጥሩ ዘበኛ ነኝ አልኩ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ መብራት በጠፋበት፣
አንገቷን አስግጋ በትከሻዬ በኩል አየችበት።
ራሷን አየች። ሾርባውን። የሚንጠባጠበውን።
ከሥሩ ትንሽ ዓይን አለች፣ ከዓይኗ ጎን ቁጥር፦
"አሥራ አንድ ጊዜ ታይቷል።"
በደኅናው እጇ ጣቷን ቀስራ ያቺን ዓይን ነካቻት፤
"ማን?" አላለችም፤ "ማን" የሚል ቃል የላትም።
ግንባሯ ግን አለ።

ያኔ ገባኝ፤ ለፊቷ ተመልካች ስመርጥላት፣
ፊቱ የማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋት።

አፈርኩ። ስሞቹን አነበብኩላት።
"ምንትዋብ?"
"ወደ ውስጥ ግቡ።" ሳቀች፣ በግማሽ ፊቷ።
"ሲስተር ኑሪያ?"
"ግቡ፣ ግቡ።"
"ጋሽ ደርበው?"
ዝም።
በመስኮቱ ማዶ፣ በክፍያ መንገዱ የሚሮጡትን መኪኖች አየች፤
ከዚያ በዱሮው ድምጿ፣ የፌርማታ አቧራ ባልለቀቀው፣
"ወራጅ!" አለች።
"እቴቴ፣ መድኃኒትሽን እኮ..."
"ወራጅ!"

የሚከፍል ሁሉ አይሳፈርም ለካ።
አወረድኩት።

ደግሞ ቦርሳዋን ጎትታ የሥራ መታወቂያዋን መዘዘች፤
ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አሳየች።
ደወልኩ። ጋሽ ቶሎሳ ነው፣ ሹፌሯ፣ ሰበታ ጡረታ የወጣ፤
የልጅ ልጁን ስልክ ተበድሮ "እንዴት ነው የሚከፈተው?" እያለ ሲቆጣ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በመስታወት ብቻ የተያዩ ሰዎች
ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሆኑ።
በማግስቱ ቁጥሩን አየሁ፤ የዶሮዋ ቪዲዮ
አርባ ሦስት ጊዜ ታይቷል።

ባለፈው ደግሞ፣ ገላን ካለው ፋብሪካ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ እወንበሩ ላይ አሸልቤ ተኝቼ፣
ስነቃ ስልኬ እሷ ጋ ነው። አዲስ ቪዲዮ ቀርጻለች፤
ሃያ ሴኮንድ፣ ግማሹን በአውራ ጣቷ ሸፍናለች፤
ከጣቷ ጎን የማየው የተከፈተ አፍ ነው፣ የእኔ ሳይሆን አይቀርም።

"አሳዪኝ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።
ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤
እንደ በር ላይ ተሳፋሪ ጥቂት አቆመችኝ፤
"ሞልቷል" አለችኝ።